የአማቴ ባልቦላ

ከሳጉሬ እስከ አሰላ እኔ ጆሮዬን ያላስጠጋሁበት ሞተር የለም። ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክቆጥርና ክፍሉን እስካስቅ ድረስ ነው፤ መምህሩ ብቻ ስላልሳቀ አባረረኝ። ሞተርን ግን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አንዱን እፈታለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ፣ የተረፈውን ቡሎን ኪሴ ውስጥ እጨምራለሁ። “ቡሎን ተርፎኝ አያውቅም” የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ውሸታም ነውና መኪናችሁን አትስጡት። እንግዲህ እኔን የሚያህል ሰው ልጁን አግብቶ ቤተሰብ ሆኖለት ሳለ፣ አማቴ የልቡን ነገር ሲያማክር የከረመው ሐኪም ነበር። መጀመሪያ ያናደደኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ “እርስዎ” ነው የምለው፤ አሳዳጊ የበደለኝ አይደለሁም። በሆዴ ግን ሁልጊዜ “አንተ” ነበር። እዚህ የምጽፈው ከሆዴ ስለሆነ “እሱ” እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጠባችን በልጁ አልጀመረም። አባቴ የእሱ ጭሰኛ ነበር፤ ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ባለመሬቱ ሁሉ ትራክተር ሲገዛ እሱም አንድ ቀይ ትራክተር ገዛ። ትራክተር ሲመጣ ጭሰኛ ይሄዳል፤ የዚያን ጊዜ ሕጉ ይሄ ነበር፤ ማንም ባይጽፈውም። አባቴ ጎጆውን ነቅሎ፣ አንዲት ላምና እኛን ከፊቱ እየነዳ አሰላ ዳርቻ ገባ። እስኪሞት ድረስ ቀይ ነገር አይወድም ነበር። በርበሬ እንኳ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል።

ከዚያ ደርግ መጣ። መሬቱ ተወረሰ፣ ትርፍ ቤቶቹ ተወረሱ፣ ለአማቴ አሰላ ውስጥ አንዲት ቤት ቀረችለት። ቀዩ ትራክተርም ተወርሶ ለመንግሥት እርሻ ተሰጠ። እዚያ እርሻ ላይ መካኒኩ ማን ነበር? እኔ! ሲያስረክቡኝ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ኃላፊው “ጓድ፣ አሞሃል?” ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ትራክተሩን ለጥገና ወደ ከተማ ባመጣሁ ቁጥር፣ መንገዴ ባይሆንም በአማቴ ደጅ አዞር ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ነዳጁን እረግጠዋለሁ። ጥቁር ጭስ እስከ መስኮቱ ድረስ! እሱ መስኮቱን ይዘጋል፤ ልጁ ትከፍተዋለች። እንዴት አገባሃት ለምትሉኝ፣ እንዲህ ነው ያገባኋት።

ቀበሌ ሄደን ስንፈራረም አልመጣም። በሰው ግን መልእክት ላከ። “ትራክተሬን ወሰድክ፣ ልጄን ወሰድክ፤ የቀረችኝ ነፍሴ ናት፤ እሷን እንኳ አታገኛትም” በለው አለ። እኔም “ነፍስዎን ምን አደርጋታለሁ፣ መለዋወጫ የላትም” ብዬ መለስኩለት። አማችና አማት እንደዚህ ሆነን ዓመታት ኖርን። በዓል ሲደርስ ሚስቴ እየጎተተች ትወስደኛለች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል፤ እኔ ለጀርባው ቀልድ አወራለታለሁ።

አንድ ቀን ቀብር ላይ ወደቀ። አሰላ ዳገት ነው፤ የጭላሎ እግር ስር የተሠራ ከተማ ነውና ሬሳ እንኳ ሽቅብ ነው የሚሄደው። መሀል ዳገት ላይ ደረቱን ይዞ ቆመ፣ ከዚያ ዝልፍልፍ ብሎ ወደቀ። ሰዉ ሟቹን መንገድ ላይ አስቀምጦ እሱን ተሸከመ። ሆስፒታል ሲደርስ ዓይኑን ገለጠ፤ የመጀመሪያ ቃሉም “ጫማዬን ማን ወሰደው?” ነበር አሉ።

ሚስቴ እያለቀሰች ጋራዥ መጣች።

“አባዬ ወደቁ። ተነስ እንሂድ።”

“እኔን ሲያይ ይብስበታል” አልኳት።

“ቢብስባቸውም ና!”

ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አማቴ አዲስ አበባ ተልኮ የተመረመረበትን ውጤት ይዞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እኛን ሰብስቦ አስረዳን። ደህና አድርጎ አስረዳ፤ እኔ ባስረዳ ይሻል ነበር እንጂ። ከልብ ደም የሚወጣበት በር አለ፤ የአማቴ በር እንደ ኖራ ጠጥሮ ጠቧል። ልቡ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ደም ለመግፋት ሲታገል ይውላል፤ ዳገት ሲወጣ ያቅተውና ራሱን ይስታል። ይሄ አንድ። ሁለተኛው፣ ልብ ራሱ የሚመገብባቸው ደም ስሮች አሉ፤ የደረቱ ሕመም እንደሚያሳየው እነሱም ሳይደፈኑ አይቀሩም። በሩ ወጥቶ በብረት ይተካል። ለተደፈኑት ደም ስሮች ደግሞ ከእግር ላይ ሌላ ደም ስር ተወስዶ መሻገሪያ ይሠራላቸዋል፤ ድልድይ እንደማለት። ሁለቱም ሥራ ደረቱ አንዴ ሲከፈት አብሮ ይሠራል። እዚህ አገር ግን አይሠራም፤ ውጭ መሄድ አለበት።

“ገባኝ” አልኩ። “ባልቦላው ይቀየራል፣ የናፍጣ መስመሩም ይቀየራል።”

“አንተ ምንድን ነህ?” አለኝ ሐኪሙ።

“መካኒክ።”

“ልብ ሞተር አይደለም፣ ወንድሜ። ሞተር አጥፍተህ ቡና ጠጥተህ ትመለሳለህ።”

“እናንተስ ሳታጠፉት ነው የምትሠሩት?”

ሐኪሙ እውነቱን ተናገረ። አይ፣ ልቡን ያቆሙታል። እስኪጨርሱ ድረስ ደሙን የሚያዞረው ማሽን ነው። ሁለቱን ሥራ አብሮ መሥራት ልቡ የሚቆምበትን ጊዜ ያረዝመዋል፤ አደጋውም ይጨምራል። ግን በሩን ብቻ ሠርተው ደም ስሮቹን ቢተዉአቸው፣ ልቡ ከማሽኑ ሲላቀቅ ጉልበት ሊያጣ ይችላል፤ ደረትን ዳግመኛ መክፈት ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

አማቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ “ልቤን ያቆሙታል” የሚለውን ብቻ ነው የሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ።

“በሩን ብቻ” አለ። “ሌላውን አልፈልግም። ፈጥነው ይዝጉኝ።”

“አባት፣ ይሄ ገበያ አይደለም፣ ግማሽ አይገዛም” አለው ሐኪሙ።

“በሩን ብቻ አልኩ!”

ሐኪሙ ነገሩን ለማቅለል ብሎ ስለ በሩ ማውራት ጀመረ። የብረት አለ፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይፈልጋል። ከአሳማ የሚሠራም አለ። “አሳማ” ሲል አማቴ አማተበ። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ቆመ። ያን የመሰለ ወሬ አግኝቶ ዝም የሚል ሰው እኔ አይደለሁም። በማግስቱ ጠጅ ቤት፣ ከዚያ ጎሚስታው ጋ፣ ከዚያ በገበያ ቀን ሳጉሬ ድረስ አዳረስኩት። “አማቴ የአሳማ ልብ ሊገባለት ነው። ቅዳሴ መሀል እንዳይጮህ ተጠንቀቁ!” ከተማው ሳቀ። እሱ ብረቱን መርጦ ነበር፤ ማን ይስማው! ደጁ ላይ ሰዎች ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር አሉ። ሚስቴ ለአንድ ሳምንት ምሳ አልቋጠረችልኝም። ቆሎ እየቆረጠምኩ ሠራሁ፤ ቆሎውም ጣፈጠኝ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው ሁሉን ያገለባበጠው። በዚያ ዘመን ከአገር መውጣት ቀልድ አልነበረም። ለሕክምናም ቢሆን፣ የሐኪሞች ቦርድ ቢፈቅድም፣ “እመለሳለሁ” የሚል ሰው ዋስ ያስፈልገዋል። ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል። መጠየቅ ማለት ደግሞ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ አልነበረም። ለአማቴ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ቦታ ተገኝቶለት ነበር። እንዴት እንደተገኘለት አትጠይቁኝ፤ ድሮ ስንዴ ያበላቸው ሰዎች ሁሉ አልሞቱም። ችግሩ ዋስ ነው። አንድ ወንድ ልጁ ለትምህርት ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። የቀድሞ ባለመሬት፣ ልጁ የኮበለለበት፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ማን አንገቱን ይሰጣል? ዘመዶቹን ለመነ፤ አንዱ ታምሜአለሁ አለ፣ ሌላው ማኅተሜ ጠፋ አለ። የመውጫ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደግሞ ዋሱ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መደቡም ንጹሕ ይሁን ብሏል። ከጭሰኛ ልጅ የበለጠ ንጹሕ መደብ ከየት ይመጣል? አርሲ ሙሉ ቢፈለግ የቀረው እኔ ነበርኩ።

እሱ መለመን አልቻለም። ሽማግሌ ላከ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሱ ቤት ተቀመጥን። የነፍስ አባቱ አሉ፤ አንድ የሰፈር ሽማግሌ አሉ፤ ድሮ ከአባቴ ጋር ጎረቤት የነበሩ፣ አማርኛውን በኦሮምኛ እያጣፈጡ የሚናገሩ ሰው። ሚስቴ ጩኮ አቀረበች፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ ተለውሶ፣ ቅቤው በጎን በኩል እየፈሰሰ። አማቴ እጁን ሲዘረጋ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችበት። ሐኪሙ ቅቤ ከልክሎታል። ሳህኑን እኔ ፊት አስቀመጠችው። እያየኝ፣ የእሱንም ድርሻ ጨምሬ በላሁ። ጣቴንም ላስኩ።

“እንግዲህ ልጄ” አሉ ሽማግሌው፣ “ጠብ የማይኖረው በድንጋይና በድንጋይ መሀል ነው። አባት አባት ነው። ፈርምላቸው።”

“እፈርማለሁ።”

ሁሉም ደነገጠ። አማቴም ጩኮው ካለቀ ጀምሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከተቀመጠበት ዞር አለ።

“ግን አንዴ ብቻ ነው የምፈርመው” አልኩ። “ስለዚህ ሁለቱንም ያሠሩ። ባልቦላውን ብቻ አሠርተው ይመጡና ከርሞ ደግሞ ደም ስሩ ተዘጋ፣ እንደገና ውጡ ይባላል፤ እንደገና ዋስ! እኔ ሁለት አንገት የለኝም። ሞተር አንዴ ከተከፈተ ሁሉም ይታያል።”

“እኔ ሞተር ነኝ?” አለ አማቴ።

“ሞተር ቢሆኑማ እስካሁን ለመለዋወጫ በታትኜዎት ነበር።”

“ሰማችሁት? ሰማችሁት የዚህን ባለግሪስ አፍ?”

“ዲሲ፣ ተወው” አሉ ሽማግሌው ለእኔ፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር፤ እየሳቁ ይሁን እየሳሉ እንጃ።

አማቴ ወደ ነፍስ አባቱ ዞረ። ድምፁ ቀነሰ።

“አባ፣ ይስሙኝ። እኔ ቢላ ፈርቼ አይደለም። ልቤን ያቆሙታል። ልብ ከቆመ ነፍስ የት ትቆያለች? ለጥቂት ጊዜ ከሆነ እሺ፣ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች እንበል። ሁለቱን ሥራ ሲሠሩ ግን ይረዝማል። ብዙ ከጠበቀች መንገዷን አትረሳም?”

ለካ ይሄ ነው የሚያስፈራው። እኔ ስስቱ መስሎኝ ነበር።

“ልጄ” አሉ የነፍስ አባቱ፣ “ነፍስ የልብ ተከራይ አይደለችም፤ ኪራይ ሲቋረጥ የምትወጣ። የሰጠ እሱ ነው። ሲጠራት ልብህ እየዘለለም ትሄዳለች፤ ካልጠራት ልብህ ቆሞም አትሄድም።”

“አይ አባ…”

“እርስዎ ደግሞ አይስጉ” አልኩ እኔ። “ገሃነም ራሱ እርስዎን ለመቀበል ዋስ ይጠይቃል። ለዚያኛው ግን አልፈርምም።”

ሚስቴ ሳህኑን ከፊቴ ነጠቀችኝ። አማቴ ዘንጉን ጨበጠ።

“ውጣ!” አለ። “ውጣ ከቤቴ! የአንተን ፊርማ ለምኜ ከምድን፣ በራሴ ቤት፣ በራሴ አልጋ ልሙት። አባትህ እንኳ እንዲህ አፉን አልከፈተብኝም።”

አባቴን ባያነሳ ወጥቼ ሄጄ ነበር። ተነስቼም ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

“አባቴን አነሱ?” አልኩ። “እንግዲያው ስለ ትራክተርዎ ልንገርዎት። የተረከብኩ ዕለት ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ፈታሁት። ባልቦላዎቹ አዲስ! የሚያብረቀርቁ! ናፍጣ የሚያስገቡት ቱቦዎች ግን እንዳለ ተደፍነዋል፤ ጥቀርሻ ብቻ። ‘ይሄን የሠራው የትኛው ደንቆሮ ነው?’ ብዬ ሳጠያይቅ፣ ‘መካኒኩማ ሁለቱም አብሮ ይሠራ ብሎ ነበር፤ ባለቤቱ ናቸው ባልቦላውን ብቻ ቀይረህ ፈጥነህ ዝጋው ያሉት’ አሉኝ። ፈጥነህ ዝጋው! ያኔም ይቺው ነበረች ቃልዎ። ከዚያ ምን ሆነ? መዝሪያ ሲደርስ ሜዳው መሀል ቆመብዎት። ዝናቡ እየመጣ። ጭሰኛውን ሁሉ አስነስተዋል፤ በሬ ያለው ሰው የለም። ማንን ላኩበት?”

አማቴ ጋቢውን ወደ ላይ ሳበ።

“ማንን ላኩበት? አባቴን! ካባረሩት መሬት ላይ፣ ‘ና በበሬ እረስልኝ’ ብለው። እሱም በሬ ተውሶ መጣ። አርሶ፣ ዘርቶ ጨረሰ። ትራክተሩ ሲጠገን እንደገና አስነሱት። አንድን ሰው ከአንድ መሬት ሁለት ጊዜ ያስነሳ ሰው እርስዎን ብቻ ነው የማውቀው። ለምን? ቱቦውን አብረው ስላላሠሩ! አሁን ደግሞ ልብዎን እንደዚያ ያድርጉታ! ያድርጉት፣ ይቁምብዎት! የሚያርስልዎት ግን የለም። አባቴ ሞቷል።”

ሽማግሌው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እሳቸውም ከተነሱት አንዱ ነበሩ። የነፍስ አባቱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሚስቴ ይሄን ታሪክ ሰምታው አታውቅም፤ አባቷን ታየዋለች። እሱም እንደምታየው ያውቃል፤ ግን አያያትም።

አማቴ ደረቱን ያዝ አድርጎ ሲተነፍስ ቆየና፣

“አባትህ ትልሙ ቀጥ ያለ ነበር” አለ። “አራሽ ነበር። አንተ ለፍላፊ ነህ።”

“አውቃለሁ።”

“ሁለቱንም አሠራለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም። ይሄን አፍህን አፈር ሲሞላው በዓይኔ ሳላይ ስለማልሞት ነው።”

“ይስማማኛል። የት ልፈርም?”

ቢሮ የሄድን ዕለት ጎን ለጎን ቆምን፤ መሀላችን ሌላ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ትተን። ካድሬው ወረቀቱን እያገላበጠ እኔን አየኝ።

“ጓድ፣ ባይመለሱ ምን እንደሚደርስብህ ታውቃለህ?”

“ይመለሳሉ። እኔን ሳያበሽቁ መኖር አይችሉም።”

ካድሬው አልሳቀም። የማይስቅ ሰው ቀልዴን ከሰማ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ቢሆንም ፈረምኩ፤ ፊርማዬ ያምራል፣ ብቻዬን ነው የተለማመድኩት።

መናኸሪያ የሸኘነው ጠዋት ጭጋጉ ጭላሎን ሸፍኖት ነበር። ሚስቴ ታለቅሳለች። አማቴ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ እግሩን አሳርፎ ወደ እኔ ዞረ።

“ከቀረሁ የት እንደሚያስሩህ ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

“ብርድ ነው አሉ።”

“እንግዲያው ጋቢዎን ይተዉልኛ።”

ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ተጠቅልሎ ገባ። ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው፤ ክፉ ፈገግታ።

ከዚያ መጠበቅ። ሥራው እንደተሠራ በአዲስ አበባ ዘመድ በኩል በስልክ ሰማን። ሁለቱም፤ በሩም ደም ስሩም። ልቡ ቆሞ ተነስቷል፤ ነፍሱ መንገዷን አልሳተችም። ሚስቴ እልል አለች፤ እኔም ጋራዥ ውስጥ “የእኔ ምክር ነው! እኔ ነኝ የነገርኳቸው!” እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። የውጭዎቹ ሐኪሞች እኔን ሊያማክሩ ደብዳቤ ሊጽፉ ነው ሁሉ ብያለሁ።

ግን መመለሻው አለፈ። ደም ስር የወሰዱበት እግሩ ቁስሉ አልሽር ብሎ ነው ተባለ። ሌላ ወሬ የለም። ካድሬው ጋራዥ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ “አማትህ እንዴት ናቸው?” ይላል። በኋላ “አማትህስ?” ብቻ። በመጨረሻ ምንም አይልም፤ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፣ ይሄዳል። አብረውኝ ምሳ የሚበሉ ሰዎች ሌላ ጥላ አገኙ። ጎሚስታው እንኳ፣ በአሳማው ቀልድ መሬት ላይ የተንከባለለው ሰው፣ ሲያየኝ ጎማ ውስጥ ይገባል። እኔም መቀለዴን አላቆምኩም፤ የሚስቅልኝ ግን ስላልነበረ ለቀዩ ትራክተር አወራለት ጀመር። ሚስቴ ጠባብ አንገት ያለውን የሱፍ ሹራቤን አጥባ፣ አጥፋ፣ በር አጠገብ አስቀመጠችው። ብርድ ነው አሉ።

ሹራቡ በር አጠገብ እንዳለ፣ አማቴ መጣ።

ሮጬ ሄድኩ፤ ቱታዬን እንኳ አላወለቅኩም። ቤቱ በእንኳን ደህና መጡ ሞልቷል። እሱ መሀል ተቀምጧል፤ ግማሹን ያህል ከስቶ፣ በዚያው ጋቢ ተጠቅልሎ። ሲያየኝ ፊቱን አጠቆረ። ሰዉ ጸጥ አለ። ያኔ ነው የሰማሁት።

ጭክ። ጭክ። ጭክ።

“የማን ሰዓት ነው እንዲህ የሚጮኸው?” አሉ አንዲት ሴትዮ።

ሰዓት! እኔን ማን ያታልለኛል? ማንንም ሳላስፈቅድ ሄጄ ተንበርክኬ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩት። አጥብቆ ይገጥማል፣ አጥብቆ ይዘጋል፤ አየር የለ፣ መንሸራተት የለ። ንጹሕ ሥራ! አማቴ በድንጋጤ ደረቀ። ከዚያ መናደድ ሲጀምር ፍጥነቱ ጨመረ፦ ጭክ ጭክ ጭክ ጭክ። የሰው ንዴት በጆሮ ሲሰማ የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

“ደህና ገጥመውታል” አልኩ ቀና ብዬ። “እኔ ብሠራው ግን ድምፅ አይኖረውም ነበር።”

“አንሱልኝ ይሄን ሰው!”

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ሰዉ ወደ ምግቡ ሲዞር በእጁ ጠራኝና ዝግ ባለ ድምፅ፣

“እዚያ ተኝቼ ስለ አንተ አስብ ነበር” አለኝ።

“እውነት?”

“‘ብቀር ይታሰራል’ ብዬ አሰብኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቁስሉን እንኳ ረሳሁት። ልጄም ውጭ አለ፣ እዚያው መቅረት እችል ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ ሐሳብ ተደሰትኩ።”

“ታዲያ ምን መለሰዎት?”

“ስንቅ የምታመላልስልህ ልጄ መሆኗ ትዝ አለኝ። በዚያ ብርድ፣ በር ላይ ተሰልፋ። ለአንተ እንጀራ ተሸክማ።” ምራቁን ዋጠ። “አበላሸህብኝ።”

ዋስነቱ ሲፈታ ወረቀቱ ላይ አብረን ሄደን ፈረምን፤ መሀላችን ያው ክፍተት እንዳለ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ታረቁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ደም የሚያቀጥነው መድኃኒት መጠኑ አዲስ አበባ ይለካል፤ ሚስቴ አብሬው እንድሄድ ፈረደችብኝ። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሱ አንዲት ቃል አይነግረኝም። ምን ያደርጋል! ልቡ ይነግረኛል። ሜዳው ላይ ትራክተር ሲያይ፦ ጭክጭክጭክ። ካድሬ ሲሳፈር፦ ጭክጭክጭክ። እኔ ስቀልድ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይፈጥናል። የድሮው ሰው ጥላቻውን ፊቱን አዙሮ ይደብቀዋል፤ የእኔ ጠላት ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል።

እስከ መጨረሻው ዓመቱ ድረስ አንድ ልማድ ነበረን። እሑድ ቤቱ ስገባ ሰላም አይለኝም። ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ድሮ በጭስ እሞላው ወደነበረው መስኮት ያዞርና፣ ጋቢውን ከደረቱ ላይ ገለጥ ያደርጋል። አልጠየቅኩትም፣ አልጠየቀኝም። ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማለሁ።

“ናፍጣ ትሸታለህ” ይላል።

“ይሠራል” እላለሁ።

“ይክፋህ!” ይለኛል፣ ጋቢውን እየመለሰ።